በቅሎም ፈረስም

ሰው አንድን ነገር ለምን እንዳደረገ ሲጠየቅ ቀድሞ ከአፉ የሚወጣው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ሐሰት አይደለም፤ ዳሩ ግን ዋናው ምክንያት እርሱ ነው ማለት አይቻልም። ቃሉ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ እውነተኛውን ምክንያት ከበስተኋላው ሸሽጎ የሚቆም መልስ አለ። እንዲህ ያለውን መልስ ግብረ ገብ በምን ስም ይጥራው? ውሸት እንዳንለው በውስጡ አንድም የሐሰት ነገር የለበትም፤ እውነት እንዳንለው የተነገረው ለመሸሸግ ነው። ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘነውም። ያገኘነው ከአንዲት ትንሽ ሞተር ሳይክል ነው፤ አንባቢም ጥያቄውን ከመጣበት ነገር ትንሽነት ጋር አስተያይቶ እንዳይስቅብን አስቀድመን እንለምናለን።

የምንኖረው በሐዋሳ ከተማ ነው። ከቤታችን እስከ መሥሪያ ቤታችን ያለው መንገድ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ይህንኑ መንገድ ለብዙ ዘመን አንድ ቀን በእግር አንድ ቀን በባጃጅ ስንመላለስበት ቆይተን፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት 125 ሲሲ የሆነች አንዲት ሞተር ሳይክል ገዛን። የሥራ ባልደረቦቻችን «በዚህ ዕድሜዎ ሞተር ምን ሊያደርግልዎ?» ብለው በጠየቁን ጊዜ መልሱ በእጃችን ነበር። በመቶ ኪሎ ሜትር ሁለት ሊትር ያህል ቤንዚን ብቻ ትጠጣለች፤ የቤት መኪና በዚያው መንገድ ሰባት ስምንት ሊትር ትጨርሳለች። የምትቆምበት ስፍራ ከአንድ በር ስፋት አይበልጥም። ጎማዋ ቢተነፍስ በመንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ወዲያው ይለጥፈዋል፤ ካንዴላዋንም ባለቤቱ ራሱ ነቅሎ ይጠርገዋል። ለባጃጅ ተራ ስንጠብቅ የምናጠፋውን ጊዜ ደግሞ ለሥራችን እናውለዋለን አልን።

ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ሞተሯን የገዛናት ስለዚህ አልነበረም። አንድ ቀን ወደ ማታ በሐይቁ ዳር ስንሄድ አንድ ጠና ያለ ሰው፥ የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ፥ የመሥሪያ ቤት ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ፥ በእንዲህ ያለች ትንሽ ሞተር ላይ ተቀምጦ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ጋደል ብሎ ሲያልፍ አየን። የሚያየው ሰው ያለ አልመሰለውምና ለብቻው ፈገግ ብሎ ነበር። ገንዘባችንን ከባንክ ያስወጣው ያ ፈገግታ ነው። የቤንዚኑን ሒሳብ ያሰላነው ከዚያ በኋላ ነው።

የእኛን አይቶ አንድ ወዳጃችን ደግሞ ገዛ። ይህ ወዳጃችን በዕድሜ ከእኛ የሚያንስ፥ በሙያው የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ስለዚህም የእርሱ ምክንያት ከእኛ ይልቅ የተደራጀ ነበር። በአንድ ወረቀት ላይ መስመር አስምሮ፥ በግራ በኩል የባጃጁን ወጪ፥ በቀኝ በኩል የቤንዚኑን፥ የዘይቱንና የጎማውን ወጪ ጽፎ፥ ሞተሯ በሦስት ዓመት ውስጥ ዋጋዋን እንደምትመልስ ለባለቤቱ አሳያት። እርስዋም መምህርት ናትና ቁጥሩን ራስዋ ደምራ፥ ልክ መሆኑን አይታ ተስማማች። በዚያ ወረቀት ላይ አንድም የሐሰት ቁጥር አልነበረም። እኛም በዚያ ቀን አጠገባቸው ተቀምጠን ቡና እየጠጣን ራሳችንን በአዎንታ ነቀነቅን።

ይህች ሞተር ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነች ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መናገር ይገባናል፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ ትንሽነቷ ነውና። 125 ሲሲ ማለት ፒስተኑ ከታች ወደ ላይ ሲመላለስ የሚጠርገው ስፍራ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ነው ማለት ነው። በዚያች ብርጭቆ ውስጥ አየርና ቤንዚን ተደባልቀው በካንዴላው ብልጭታ ይቃጠላሉ፤ ከዚያ የሚገኘውም ኀይል በባሕር ጠረፍ ላይ ሲለካ ዐሥር የፈረስ ጉልበት ያህል ይሆናል። በባሕር ጠረፍ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተር ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላል፤ አየሩ ደግሞ ከፍ ባልን ቁጥር ይሳሳል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በጠረፍ ካለው በአምስተኛ ያህል ያነሰ ነው፤ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ደግሞ ሩቡን ያህል ታጣለች። እንግዲህ ከጠረፍ ከተነሡት ዐሥር ፈረሶች ሁለቱ ሐዋሳ ሳይደርሱ ይቀራሉ። ካርቡራቶሯም ለቆላ እንደ ተዘጋጀ ከሆነ፥ ለሳሳው አየር ቤንዚኑ ይበዛበትና ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ ዐዋቂ መካኒክ ሲያገኛት የቤንዚኑን ማሳለፊያ ቀዳዳ በጠባብ ይለውጥላታል።

ስለዚህ ትንሽ ሞተር የሚነዳ ሰው አስቀድሞ የሚያስብ ሰው መሆን አለበት። ዳገት ሲያይ ዳገቱ ሳይዘው ማርሽ ይቀንሳል፤ ከዘገየ ሞተሯ እያቃሰተች እንደ ደከመች አህያ ከመንገድ መካከል ልትቀርበት ነው። ከባድ መኪና ከፊቱ ሲመጣ ከመኪናው በስተኋላ የሚከተለውን ነፋስ ይጠብቃል። ጉድጓዱን፥ ድንገት የምትሻገረውን ፍየል፥ ፍሬቻ ሳያሳይ የሚታጠፈውን ባጃጅ፥ ሁሉንም ከሩቅ ያነባል። ትልቅ ሞተር የያዘ ሰው ያጠፋውን ፍጥነት የእጁን አንጓ ጠምዘዝ አድርጎ መልሶ ይገዛዋል፤ ባለ ትንሿ ግን መግዣ የለውም። ሰው እንዲህ በሙሉ ልቡ ሲያስተውል ሌላው ሐሳብ ሁሉ ይለቀዋል፤ የተከመረው መዝገብ፥ ያልተፈረመው ደብዳቤ፥ የአለቃ ቁጣ ከአእምሮው ይወጣል። ደስታው የሚመነጨው ከዚህ ይመስለናል። ከፍጥነት እንዳልሆነ ግን በእርግጥ እናውቃለን፤ የእኛይቱ በደኅናው አስፋልት እንኳ በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ስትደርስ መሪዋ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። ትልቁን ሞተር የገዛ ሰው ከገዛው ጉልበት አብዛኛውን ሕግ ሳይጥስ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ትንሿ ግን ያላትን ሁሉ ትሰጣለች፤ የሰጠችውም ሁሉ በልክ ነው።

እንዲህ ያሉትን ትንንሽ ሞተሮች ያሰቡ ሰዎች ራሳቸው ስለ ጥቅም እንጂ ስለ ደስታ አልተናገሩም። እ.ኤ.አ. በ1946 ጦርነት ባደቀቃት ኢጣሊያ ቬስፓን የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበረ እንጂ ሞተር ሳይክል ወዳጅ አልነበረም፤ ሞተር ሳይክል ልብስ ያቆሽሻል ብሎ ይነቅፍ ነበር። 98 ሲሲ ያላትን ያችን ፍጥረት ሲሠራም ሞተሯን በክዳን ሸፈነ፥ ከነጂው እግር ፊት ጋሻ አቆመ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በ1958 ሶይቺሮ ሆንዳና ሸሪኩ ታኬዎ ፉጂሳዋ በጃፓን ሱፐር ካብ የተባለችውን አወጡ። ጉልበቷ 4.5 ፈረስ ብቻ፥ ይዘቷ 49 ሲሲ ነበረ። በዚያ አገር የምግብ ቤት ሠራተኛ ሾርባና ፓስታ በአንድ እጁ ተሸክሞ ለደንበኛ የሚያደርስ ስለ ሆነ፥ በሌላው እጁ ብቻ ሊነዳት እንዲችል ፍሪሲዮኗ የእጅ መያዣ እንዳይኖረው ተደረገ። እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ ከዚህች ዓይነት መቶ ሚሊዮን ተሠርታለች። ያ ምግብ አመላላሽ ባዶ ዕቃውን ይዞ ሲመለስ መንገዱን በትንሹ ያረዝም እንደ ነበረ ማንም አልጻፈም። እኛ ግን ያረዝም ነበር ብለን እንጠረጥራለን።

አባቶቻችን ጥቅምንና ደስታን በሁለት እንስሳ ለይተውት ነበር። መኳንንቱ ረዥም መንገድ ሲሄዱ የሚቀመጡት በበቅሎ ነበር፤ በቅሎ እርምጃዋ የተመዘነ፥ እግርዋ ገደል የማይስት፥ ለሽማግሌም ለካህንም ለወይዘሮም የምትስማማ ናትና። ፈረሱ ግን እየተሳበ ከኋላ ይከተል ነበር፤ የሚወጡበትም ለጦርነት ወይም ለጉግስ ነው። እንዲህ ሲሆን ዕድሜ ልኩን ያደከማት በቅሎው ሆና ሳለ፥ ሰውዬው የክብር ስሙን የሚወስደው ከፈረሱ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተባሉ። በበቅሎው ስም የተጠራ ጀግና ሰምተን አናውቅም። የአገራችን ሰው የሚያገለግለውን ነገር ባያቃልልም፥ ራሱን የሚያውቀው ግን በደስታና በአደጋ ጊዜ በተቀመጠበት ነገር ነበር ማለት ነው።

ትንሿ ሞተር በቅሎም ፈረስም ናት። ጧት በሁለት ሰዓት ቦርሳችንን አንግበን ወደ ሥራ ስንሄድ በቅሎ ናት። ማታ በዐሥራ አንድ ሰዓት ከመሥሪያ ቤቱ በር ወጥተን፥ ወደ ቤት በሚወስደው በኩል በመታጠፍ ፈንታ ጥቁር ውኃን አልፈን የሻሸመኔን መንገድ ስንይዝ ፈረስ ናት። መንገደኛው የሚያያት ግን ሁልጊዜ በአንድ መልክ ነው፤ ጉዳታችንም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በመጻሕፍታችን አሪስጣጣሊስ የሚባለው የግሪክ ፈላስፋ የሰውን ሥራ ለሁለት ይከፍላል። አንዱ መድረሻው ላይ ካልደረሰ ያልተፈጸመ ሥራ ነው፤ ቤት የሚሠራ ሰው እየሠራ ሳለ ቤቱ ገና አልተሠራም። ሁለተኛው ግን በየቅጽበቱ ሙሉ የሆነ ነው፤ የሚያይ ሰው እያየ ሳለ አይቷል፥ ደስ የሚለውም ሰው ደስ እያለው ሳለ ደስ ብሎታል፤ የሚጠብቀው ፍጻሜ የለም። በአንዲት ሞተር፥ በአንድ መንገድ፥ በአንድ ፍጥነት የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ስለዚህ አንድ ሥራ አይሠሩም። የመጀመሪያው ከመንገዱ መላቀቅ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ግን መድረሻው ቢጠፋ አይከፋውም። ፈላስፋው ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ከፊተኛው ያከብረዋል። እኛ ግን በመሥሪያ ቤታችን አድገን፥ ቅጽ እየሞላንና «ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ አንድ ነገር መጻፍ ግዴታ እየሆነብን የኖርን ስለ ሆንን፥ «ደስ ስለሚለኝ» ብሎ መጻፍ ያሳፍረናል።

ኀፍረቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ሞተር ሳይክል በከተሞቻችን ዘንድ ስሟ የጠራ አይደለም፤ የአዲስ አበባ አስተዳደር ወንጀል ይፈጸምባታል በማለት ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳትንቀሳቀስ እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። በጥርጣሬ የሚታይ ሰው «ወደ ሥራ ነው የምሄድባት» ብሎ ቢቸኩል አይፈረድበትም። በቅርብ ጊዜ ደግሞ ሌላ ዘዴ መጥቷል፤ «ለጤናዬ ነው»፥ «ለአእምሮ ዕረፍት ነው፤ ነገ ለሥራ ያበረታኛል» ይባላል። ይህም ፈረሱን የበቅሎ ኮርቻ ማልበስ ነው። (በመንግሥት ሞተር ለደስታ ስለሚዞር የመስክ ሠራተኛ የሚጠይቀን ሰው ቢኖር፥ ያ ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ፈረሱ የእርሱ አይደለም።)

እዚህ ድረስ የተናገርነው ለፈገግታ የሚሆን ነገር ነው። ከዚህ በኋላ ያለው አይደለም።

ወዳጃችን በየዓርቡ ከሥራ ሲወጣ የሻሸመኔን መንገድ ይይዝ ጀመር። ብዙ ጊዜ አብረን ነበርን። ከመንገድ ዳር አንድ ስፍራ ላይ ቆመን ሻይ እንጠጣለን፥ ስለ ሞተሮቻችን ድምፅ እንነጋገራለን፥ ሲመሽ እንመለሳለን። ለባለቤቱ የሚነግራት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ ነበር፤ ይህንንም እንደ ቀልድ ይነግረን ነበር፥ እኛም እንስቅ ነበር። በአንድ ዓርብ በመጋቢት ወር እኛ ጉዳይ ስለ ነበረብን ብቻውን ሄደ። በዚያ ቀን ከብዙ ደረቅ ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ጥቂት ጣለ። በመንገድ ላይ ሲንጠባጠብ የከረመ ዘይትና አቧራ በእንዲህ ያለው ዝናብ ተንሳፎ አስፋልቱን እንደ ሳሙና ያሙለጨልጨዋል፤ ብዙ ከዘነበ ይታጠባል፤ ክፉው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። እርሱም ይህን ያውቅ ነበር፤ ያስተማርነው እኛ ነን።

በዐሥራ ሁለት ሰዓት ባለቤቱ ስልክ ደወለችልን። «ጋሼ፥ ስልኩን አያነሣልኝም፤ ከእርስዎ ጋር ነው?» አለችን። «ስብሰባ ላይ ይሆናል» አልናት። ለማሰብ አንዲት ቅጽበት እንኳ አልወሰደብንም፤ ቃሉ ተዘጋጅቶ ከምላሳችን ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። «እሺ፥ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ዘጋች።

እርሱ በዚያን ጊዜ ከመንገድ ዳር ወድቆ ነበር። ከመታጠፊያ ላይ የፊት ፍሬን ያዘ፥ ጎማው አመለጠው። የአካባቢው ገበሬዎች አንሥተው በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ አደረሱት፤ ስልኩ ተሰብሮ ስለ ነበር ለቤቱ የተደወለው ከምሽቱ በሁለት ሰዓት ነው። የቀኝ እጁ አንጓና የትከሻው አጥንት ተሰብሮ፥ ራስ ቁሩ ከጆሮው በላይ በረዥሙ ተሰንጥቆ ነበር። እኛም ሄልሜቱን በእጃችን ይዘን ስንጥቁን በጣታችን ስንዳስሰው ጉልበታችን ከዳን።

በማግሥቱ ባለቤቱ አልተቈጣችንም። ብትቈጣን ይሻል ነበር። ያለችን ይህን ብቻ ነው፤ «ጋሼ፥ እርስዎ ስብሰባ ነው ስላሉኝ ወጥ አማስል ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ወጥ አማስል ነበር።»

በመሥሪያ ቤታችን ያሉ አንድ ሽማግሌ ነገሩን በሰሙ ጊዜ «በቅሎ ገመድ በጠሰች ቢሉ በራስዋ አሳጠረች» ብለው ተረቱ፤ ጉዳቱ የራሱ ነው፥ ሰው በገዛ አጥንቱ ላይ ባለ ሙሉ ሥልጣን ነው ማለታቸው ነበር። ተረቱን እናከብረዋለን፤ ግን ለዚህ ነገር የሚበቃ አልመሰለንም። ቀኝ እጁ ሳይሠራ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ልጆቹን ያጠበች፥ የእርሱን ሸሚዝ የቈለፈች፥ ከትምህርት ቤት ፈቃድ የወሰደችው እርስዋ ናት። የተበጠሰው ገመድ የእርስዋም ገመድ ነበር። አደጋ የሚደርስበት አንድ ሰው ይሁን እንጂ አደጋውን የሚሸከሙት ብዙዎች ናቸው፤ የሚሸከሙትም ሰዎች ሸክሙ ሳይመጣ አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል ብንል ብዙ አልጠየቅንም።

አሁን ወደዚያ ሁለት ዓምድ ወዳለበት ወረቀት እንመለስ። እርስዋ በወረቀቱ ስትስማማ በአንድ አደጋ ተስማምታ ነበር፤ ይህም ወደ ሥራ ሄዶ የመመለስ አደጋ ነው። እንጀራ ሲፈለግ የሚመጣን አደጋ ማንም ሰው አይከራከረውም፤ ሹፌርም፥ ግንበኛም፥ ዓሣ አጥማጅም በየቀኑ ይሸከሙታል። እኛ ግን እንጀራ ባገኘው ፈቃድ ደስታን አሳለፍንበት። በበቅሎ ስም በተቈረጠ ደረሰኝ ፈረስ አሳልፎ ማስገባት ማለት ይህ ነው። ደስታው በራሱ ጥፋት አልነበረም፤ ዛሬም ጥፋት ነው አንልም። እርስዋን የበደልናት መመዘን የሚገባትን ነገር ከሚዛኑ ላይ አንሥተን በመሸሸጋችን ነው። ምናልባት ጠይቋት ቢሆን ኖሮ እሺ ትል ነበር፤ ምናልባትም «ዝናብ ሲጥል አይሆንም» ትል ነበር። ያ ዓርብ ደግሞ ዝናብ የጣለበት ዓርብ ነው። ከሁሉም የሚከብደን ግን የሁለቱ ሰዓት ነገር ነው። ስለ ባልዋ መጨነቅ የእርስዋ መብት ነበር፤ ጭንቀቷን ነው የሰረቅናት።

አንድ አንባቢ «ወደ ሥራ ሲሄድስ ቢወድቅ ኖሮ? አስፋልቱ የነጂውን ሐሳብ አይጠይቅም» ሊለን ይችላል። እውነቱን ነው። የዐረቢያው ሎረንስ ተብሎ የታወቀው እንግሊዛዊ ቶማስ ኤድዋርድ ሎረንስ ፍጥነትን የሚወድ፥ ሺህ ሲሲ ገደማ በሚሆን ትልቅ ሞተር ደስ እያለው አገር የሚያቋርጥ ሰው ነበር፤ የሞተው ግን በዚያ ረዥም መንገድ ላይ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ከቤቱ አጠገብ ካለ ስፍራ ቴሌግራም ልኮ ሲመለስ ነው። በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ተገለበጠ፤ በስድስተኛውም ቀን ዐረፈ። ራስ ቁር አላደረገም ነበር። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የሆነው ሂዩ ኬርንስ በዚህ ሞት ልቡ ተነክቶ የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ሲያጠና ቆይቶ ጥናቱን በ1941 አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞቹ ሁሉ ራስ ቁር እንዲያደርጉ አዘዘ። ዛሬ በብዙ አገር የተደረጉት ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ ራስ ቁር የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፥ የራስን ጉዳት በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ያሳያሉ። የወዳጃችንን የተሰነጠቀ ቁር ባየን ቁጥር ያን ሐኪም እናስታውሰዋለን።

አደጋ በቅሎና ፈረስ አይለይም፤ በዚህ ከጠያቂያችን ጋር አንድ ነን። የሚለየው ፍጥነቱን ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከግንብ ጋር የሚጋጭ ሰው ከአምስት ሜትር ከፍታ እንደ ወደቀ ይቈጠራል፤ ፍጥነቱን እጥፍ አድርጎ 72 ቢያደርሰው ግን ከፍታው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፥ ማለት 20 ሜትር ይሆናል፤ ይህም የሰባት ፎቅ ቤት ያህል ነው። የሞተሯ ትንሽነት ምን ያህል ወዳጃችንን እንዳተረፈው ከዚህ ማየት ይቻላል። ነገር ግን የአደጋው መጠን አንድ መሆኑ፥ አደጋውን የተቀበልንበት ምክንያት አንድ ነው አያሰኝም። አስፋልቱ ባይጠይቀንም በቤት የሚጠብቀን ሰው ይጠይቀናል፤ ለእርሱ ምክንያቱ ሁሉ ነገር ነው። ባል ወደ ሥራ ሲሄድ ወደቀ ብሎ ማልቀስና፥ የት እንደ ነበረ ሳያውቁ ማልቀስ አንድ ልቅሶ አይደለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልንጠይቀው ወደ ቤቱ ሄድን። ሞተሯ ከግቢው ጥግ ቆማለች፤ መሪዋ ተጣሟል፥ አንዱ ስፔኪዮዋ የለም፥ ማርሚታዋ ተልጧል። መካኒኩ አይቷት የማሠሪያውን ዋጋ ነግሮ ሄዷል። ወዳጃችን እጁን በጀሶ ታስሮ ከአንገቱ ጋር በጨርቅ አንጠልጥሎ ተቀምጦ ነበር። ይጠግናት ወይስ ይሽጣት የሚለውን ነገር ማናችንም ለማንሣት ደፍረን አልጀመርንም፤ ስለ ዝናቡና ስለ ትምህርት ቤቱ ፈተና ስንጫወት ቆየን።

ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ባለቤቱ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባችና አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። በግራ ባጃጅ፥ በቀኝ ቤንዚን። አጠገባችን ካለው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በመዳፍዋ አስተካከለችው።

«ጋሼ፥ ይኸን ያስታውሱታል?» አለችን።

«እናስታውሰዋለን» አልን።

«እርስዎም ነበሩ። ራስዎን ነቅንቀዋል።»

«ነቅንቀናል።»

«እንግዲያስ ይንገሩኝ፤ የዓርቡ መንገድ በየትኛው በኩል ነው የሚጻፈው?»

ወደ ወዳጃችን አየን፤ እርሱ ወደ ስኒው ያይ ነበር። በዚያች ቅጽበት ደግሞ ብዙ የተዘጋጁ ቃላት ወደ ምላሳችን መጡ፤ ዕረፍት፥ ጤና፥ ለሞተሯም ረዥም መንገድ ይበጃታል የሚል ሁሉ። «በሁለቱም በኩል አይገባም» አልናት በመጨረሻ። «ምንም አይጠቅምም። ይወደዋል፤ እኛም እንወደዋለን። ይኸው ነው።»

ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም ከወረቀቱ ግርጌ፥ ከድምሩ በታች ያለውን ባዶ ስፍራ በጣትዋ አሳየችው። «እንግዲያስ እዚህ ይጻፍ» አለች። «ግን እርስዎ አይደሉም የሚጽፉት፤ እርሱ በእጁ ይጻፈው።»

ወዳጃችን በጀሶ የታሰረውን ቀኝ እጁን በጥቂቱ ከፍ አድርጎ አሳያት።

«እንጠብቃለና» አለች፤ ስኒውንም ለሦስተኛው ልትቀዳ አነሣች።